በልቤ ይቆጠር

የእትዬ ኦሲን ስም ከምስጋና መጽሐፉ ዘለልኩት። አራት መቶ አስራ አንድ ስም አሳተምኩ። የሣር ማጨጃ የሚጠግነው ሰውዬ አለበት፤ ከሞተ ሦስት ዓመት ያለፈው የመድኃኒት ቤት ባለቤትም አለበት። የፉትቦል ቡድኑን ሃያ ሁለት ዓመት ያበሉት ሴት ግን የሉበትም። ማንም አላዘዘኝም። ራሴ አዘጋጀሁት፣ እሑድ ጠዋትም ራሴ ተሸክሜ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኩት።

ሥራዬ መለመን ነው። በቶሊቨር ኮሌጅ የቀድሞ ተማሪዎች ቢሮ ውስጥ ምክትል ነኝ፤ ቢሮው እኔና ጋሽ ሉተር ብቻ ነን። የዚያ ዓመት ልመናችን ለፉትቦል ነበር። ልጆቻችን ኳሷን አቅፈው እየተላተሙ ይሮጣሉ፤ የሚለብሱት የትከሻ መከላከያ ግን በዕድሜ ይበልጣቸዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ ያሸነፉት ሦስት ጨዋታ ነው። የኮሌጁ ቦርድ «ደጋፊ ካለው ይታይ፣ ከሌለው ከገና በፊት ይዘጋ» ብሎ ቁርጥ ቀን አስቀመጠ። ቀኑ የቀድሞ ተማሪ ሁሉ ከያለበት ከሚሰበሰብበት የመመለሻ ቅዳሜ ቀጥሎ ያለው ሰኞ ነበር። የምስጋና መጽሐፉም የታተመው ለዚሁ ሳምንት ነው።

እትዬ ኦሲ ደግሞ የሆዚያ ፔቲግሩ እናት ናቸው። ሆዚያ ከፊት ተሰልፈው የሚገፉትን ግዙፎቹን ልጆች ያሠለጥናል። ስምንት ወር ሙሉ የምወደው ሰው እሱ ነው። ቡድኑ ከተዘጋ ኦሃዮ ውስጥ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ይዞለታል። ከእኛ አላባማ እስከ ኦሃዮ በመኪና አስራ ሁለት ሰዓት ነው። እኔ ደግሞ አስራ ሁለት ሰዓት ርቆ የሚኖርን ሰው በስልክ የምወድ ዓይነት አይደለሁም፤ ራሴን አውቃለሁ።

የምስጋና መጽሐፍ የራሱ አነባበብ አለው። ማንም ከመጀመሪያው አይጀምርም። ሁሉም መጀመሪያ የራሱን ስም ይፈልጋል፣ ቀጥሎ የሚጠላውን ሰው ስም ይፈልጋል፣ የማን ፊደል እንደገዘፈ ያነጻጽራል፣ ከዚያ ማራገቢያ ያደርገዋል። እትዬ ኦሲ በዚያ እሑድ እንደ ሁልጊዜው ነጭ ልብስና ነጭ ጓንት ለብሰው ሰውን ቦታ እያሳዩ ያስቀምጡ ነበር። መዝሙሩ ሲጀመር መጨረሻው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው የቀኝ እጃቸውን ጓንት አወለቁ። የፔቲግሩ ስም ሊኖርበት የሚገባውን ገጽ ገለጡ። ጣታቸው ወረደ፣ ተመለሰ። ከዚያ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ሁሉንም አዩ። ሲጨርሱ መጽሐፉን አግዳሚው ላይ አስቀምጠው ሽፋኑን እንደ ጠረጴዛ ልብስ በመዳፋቸው ደለደሉት፣ ጓንታቸውን መልሰው አጠለቁ፣ ዘግይቶ ለመጣ ሰው ፈገግ ብለው ቦታ አሳዩ።

ሆዚያ ከፊታቸው ካለው ወንበር ዞሮ ሁሉንም አይቷል። ከዚያ እኔን አየኝ።

ከአምልኮ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ደረስኩበት። ክራቫቱን ፈቶ ኪሱ ከትቶታል።

«የሣር ማጨጃ ጠጋኙ አለ» አለ።

«አለ።»

«ከነውሻው የተመሰገነ ቤተሰብ አለ። ገጽ ዘጠኝ። ‹የሃርግሮቭ ቤተሰብና ቡስተር›።»

«ቡስተር ውሻ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር።

«ስህተት ነው ሆዚያ። ከቢሮው ዝርዝር ነው የገለበጥኩት፤ ዝርዝሩ ቼክ የጻፈ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው።»

«በጭንቅላቴ ይቆጠር፣ በልቤ አይቆጠር። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንብቤዋለሁ።»

እኛ ጋ ምስጋና የሚያቀርብ ሰው ሁሉ የሚዘጋው በዚህች ቃል ነው። የዘነጋሁት ስም ካለ ጥፋቱ በጭንቅላቴ ይቆጠር፣ በልቤ አይቆጠር። ፓስተሩ ይላታል፣ ሙሽራ ትላታለች፣ ቀብር ላይ ትባላለች። እኔም ሳላስብባት አትሜያታለሁ።

«መጽሐፉን እናትሽ አንብባዋለች?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሥርዓተ ነጥብ አርማልኛለች።»

«እንግዲያው ገባኝ።»

«ምኑ ነው የገባህ?»

«ናዲን፣ እናትሽ ከሆነች ንገሪኝ። እሷ ከሆነች እችለዋለሁ። የእናንተን ሰፈር ዕድሜ ልኬን ችዬዋለሁ።»

መውጫ እየሰጠኝ ነበር። አንዲት «አዎ» ትበቃ ነበር። «አጣርቼ እነግርሃለሁ» አልኩት፤ እንዲህ ያልኩት ፍትሕ ወድጄ ሳይሆን ፈርቼ ነው። ዓይኑ ውስጥ ያየሁት ቁጣ አልነበረም። እናቴ ሆና ትገኝ የሚል ተስፋ ነበር። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ቤታችን ኮሌጁን ከሚያየው ኮረብታ ላይ፣ ነጭ ምሰሶ ያለው ነው። አባቴ የጥርስ ሐኪም ነው፤ የአባቴ አባትም ነበሩ። እናቴ ኮንስታንስ ሞስሊ ከመስተዋቱ ፊት ቆማ የባርኔጣዋን መርፌዎች አንድ በአንድ ትነቅል ነበር።

«የእትዬ ኦሲን ስም አንቺ ነሽ ያወጣሽው?» አልኳት።

«ከምን?»

«ከመጽሐፉ።»

መርፌውን እንደያዘች ዞረች። «ኦሲ ፔቲግሩ የለችበትም?»

«የሉበትም።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እኔ የፈለግኩት የተሳሳተ ስም ነው። የጎደለ ስም እንዴት ይታያል? እንዳለች እርግጠኛ ስለነበርኩ አልፈለግኳትም። እዚህ ከተማ ውስጥ ወልዳ ወይ ታማ የኦሲን ሰሃን ያልበላች ሴት የለችም። አንቺን የወለድኩ ሳምንት እኔም በልቻለሁ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ቆይ፣ ለምን እኔን ጠረጠርሽ?»

ለዚህ ለመመለስ የደበቅኩባትን የሆዚያን ስም መጥራት ነበረብኝ። አልጠራሁትም። ወደ ክፍሌ ገብቼ ደወልኩለት።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «እናቴ አይደለችም። እኔው ነኝ።»

«እሺ» ብሎ ዘጋው።

የመመለሻ ሳምንት ዓርብ የዓሣ ቀን ነው። እትዬ ኦሲና የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ይጠብሳሉ፣ ሰው በሰሃን እየገዛ ይበላል፣ ከሰሃኑ ጋር የሚሰጠውን ገንዘብ የሚጽፍበት የድጋፍ ካርድ ይታደላል። «ሰው አፉ ሲሞላ እጁ ይፈታል» ይላሉ ጋሽ ሉተር። ሰኞና ማክሰኞ ለጠባሾቹ ስልክ ስደውል ዋልኩ።

«ጉልበቴን ልጄ» አሉኝ እህት ፐርሊን። «ዝናብ ሊመጣ ነው መሰለኝ።» ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ዓሣ የሚያቀርቡት ዲያቆን «ዘንድሮ ዓሣው ከሳ» አሉ። ሦስተኛዋ ሴት ደግሞ የዘይት ነጋዴው ስልክ አላነሳ አለኝ ብላ ተማረረችብኝ። የዘይት ነጋዴው ባሏ ነው።

«እትዬ ኦሲ ከልክለዋቸው ነው?» አልኳቸው ጋሽ ሉተርን።

«ኦሲ? ኦሲ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የተፈራውም ለዚያ ነው።» ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የኛ ሰው ግን ከመቃብር በፊትም ቢሰጡት አይጠላም። ተለጣፊ ወረቀት አትሚና ቤቷ ድረስ ሄደሽ አሳያት። ካርዶቹ ዓርብ ባዶ ከቀሩ ሰኞ ቦርዱ ፊት የምናገረው የለኝም።»

እትዬ ኦሲን በረንዳቸው ላይ አገኘኋቸው። ጭናቸው ላይ ቁጥር ሰባ አራት ማልያ ዘርግተው የተተረተረ ብብቱን ይሰፋሉ። ይህን አልጠበቅኩም። ቀይመው እጃቸውን የሰበሰቡ መስሎኝ ነበር።

«ይህ በየመጽሐፉ ይለጠፋል» ብዬ ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት። «‹በአሠራር ስህተት ሳይጠቀሱ የቀሩ›» አሉ። «ጥሩ ጽሑፍ ነው። ትምህርትሽ ያስታውቃል።» መለሱልኝ።

«ተቀይመውኛል?»

«አልተቀየምኩም።»

አልተቀየምኩም የሚል ሰው ምን ያህል እንደተቀየመ ሁላችንም እናውቃለን። ትዕግሥት የለኝም፤ ቢሆንም ቆምኩ። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱትና ማልያውን አጠፉት።

«እውነቱን ልንገርሽ» አሉ። «ስሜ ይጻፍልኝ ብዬ አልጠበስኩም። ሰው ‹ኦሲ ምን ልታገኚ ነው?› ሲለኝ ‹ምንም› እል ነበር፣ ከልቤም ነበር። እሑድ ዕለት ጓንቴን አውልቄ ስሜን ስፈልግ ራሴን ያዝኩት። ሁለቴ ፈለግኩት ናዲን። ለካ እፈልግ ኖሯል። ያፈርኩት ባንቺ አይደለም።»

ተለጣፊ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

«በይ ሂጂ» አሉ። «ይህን ለትሬማይን ስጪልኝ። ሁለተኛ ከቀደደው ገላው ላይ እያለ ነው የምሰፋው በይው።»

ማልያውን ደረቴ ላይ ይዤ መንገዱን ወረድኩ። ያን የመሰለ ነገር ለማንም ነግረው እንደማያውቁ ገብቶኝ ነበር። ሳልበቃ ታመንኩ።

ሐሙስ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ደብዳቤ ጠበቀኝ። ከልምምድ ወረቀት ጀርባ ላይ የተጻፈ ነው፤ የጨዋታ ንድፉ ክቦችና ቀስቶች ወደዚህኛው ገጽ ዘልቀው ይታያሉ።

«ናዲን፤

እናትሽ አለመሆኗን ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ብትዋሺኝ አምንሽ ነበር፤ ተዘጋጅቼ ነበር።

ግን የእናቴን ስም የዘለልሽው አንድ ጊዜ ነው። የኔን ስም እናንተ ቤት ስምንት ወር ዘለልሽው። እራት ላይ ስለ ጋሽ ሉተር ታወሪያለሽ፣ ስለተበላሸው ፎቶ ኮፒ ታወሪያለሽ፣ ስለ እኔ አታወሪም። ልታዪኝ ስትመጪ ሰው እንዳይጠረጥር ልጆቹን የፎቶ ፈቃድ ታስፈርሚያለሽ።

ኦሃዮዎች እስከ ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ። ቡድኑ ከተዘጋ እሄዳለሁ። ባይዘጋም እንጃ። ሰው ስሙ በማይጠራበት ከተማ ምን ይሠራል?

ሆዚያ»

ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መልስ መጻፍ ጀምሬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ፤ በሦስቱም ላይ «ስህተት» የሚል ቃል ነበረበት። አራተኛውን አልጀመርኩም።

ዓርብ አመሻሽ ላይ በጂምናዚየሙ እራት ሆነ። ዓሣ የለም። ከሌላ ከተማ ያዘዝነው ዶሮ መንገድ ላይ ደርቆ ገመድ ሆኗል። ሁለት መቶ ሰው በትሕትና ያኝካል፤ የድጋፍ ካርዶቹ ከሰሃኖቹ አጠገብ እንደተቀመጡ አሉ። እናቴና አባቴ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። እትዬ ኦሲ መጥተዋል፤ እንደ ልማዳቸው ከኋላ ከልጆቹ ጋር ተቀምጠዋል። ሆዚያ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ወደ እኔ አያይም።

ምስጋናውን የማነበው እኔ ነበርኩ። የኮሌጁን ፕሬዚዳንት አመሰገንኩ፣ ቦርዱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን አመሰገንኩ። ወረቀቴ ላይ የቀረችው የመጨረሻዋ ቃል ነበረች። ወረቀቱን አጠፍኩት።

«እዚህ ጋ ሁላችንም የምንላት ነገር አለች» አልኩ። «የቀረ ስም ካለ በጭንቅላቴ ይቆጠር፣ በልቤ አይቆጠር። እኔ አልላትም። የእትዬ ኦሲን ስም ነው የዘለልኩት፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጭንቅላቴ ደህና ነው። አራት መቶ አስራ አንድ ስም አስታውሷል፣ ውሻ ሳይቀር።»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

«ተማሪ ሆኜ ቦርሳዬን ረሳሁ እያልኩ ዓርብ ዓርብ በነጻ የበላሁት የእሳቸውን ዓሣ ነው። እናቱ የሞተችበት ልጅ ሲኖር ቀብር ድረስ አብረውት በአውቶቡስ የሄዱት እሳቸው ናቸው። ማልያ ይሰፋሉ። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ሰጠ የሚባለው ማን ነው ብዬ ስጽፍ ግን ቼክ የጻፈውን ብቻ ጻፍኩ። ያን የወሰነው ልቤ ነው። ስለዚህ በልቤ ይቆጠር።»

«ተናገሪ ልጄ» አለ ከኋላ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ።

«የዘለልኩት ሌላም ስም አለ።» ማይክሮፎኑን በሁለት እጄ ያዝኩት። «እማዬ፣ ስምንት ወር ሙሉ የምወደው ሰው ሆዚያ ፔቲግሩ ነው። አንቺ ቤት ስሙን ያልጠራሁት እሱ ስለሚያሳፍር አይደለም። እኔ ፈሪ ስለሆንኩ ነው። እሱም በልቤ ይቆጠር።»

የእናቴ ሹካ ሰሃኑ ላይ ሲቀመጥ ተሰማኝ። ከዚያ ከኋላ የሰባ አራት ቁጥሩ የትሬማይን ወፍራም ድምፅ መጣ።

«ለካ ለዚህ ነው አንዱን የፎቶ ፈቃድ አስራ አንድ ጊዜ የፈረምነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሆዚያ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ።

ሳቁ ሳይበርድ ከአትላንታ የመጣ አንድ ጠበቃ ተነሣ፤ በእኛ ቡድን የተጫወተ ነው። «የኔ ስም ገጽ ሁለት ላይ በትልቁ አለ» አለ። «አራት ዓመት እዚህ ስማር ለበዓል የምሄድበት ቤት አልነበረኝም። አራቱንም የበላሁት እትዬ ኦሲ ጓዳ ነው። ስሜን አውጡና የሳቸውን ጻፉበት። ስጦታውን ግን እጨምራለሁ።» ቁጭ ብሎ ካርዱን ሳብ አደረገ። ከእሱ ቀጥሎ አንዲት ሴት ተነሥታ የአውቶቡስ ሹፌሩን ስም ጠራች። ሌላው በፈተና ሰሞን ሌሊቱን መብራት ያላጠፉለትን ዘበኛ ጠራ። እኔን የሚሰማኝ አልነበረም። ሰው ሁሉ የዘለለውን ስም እየጠራ ይጽፋል። እስክሪብቶ አለቀ። ጋሽ ሉተር በሰባ ዓመታቸው እስክሪብቶ ፍለጋ ወደ ቢሮ ሮጡ።

በመጨረሻ እትዬ ኦሲ ተነሡ።

«አመሰግናለሁ» አሉ። «ደስ ብሎኛል። አሁን ተቀመጡና ብሉ፤ ዶሮው ከዚህ በላይ ከደረቀ ለጫማ ነው የሚሆነው።»

እኔ ማልቀስ አልወድም። መድረኩ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ የማይክሮፎኑን ገመድ ስጠቀልል ቆየሁ፤ ገመዱ ያን ያህል ረጅም አልነበረም።

ሆዚያ ውጭ፣ ሜዳው አጥር ጋ ጠበቀኝ። ገና ሙሉ በሙሉ አልጨለመም።

«ሰኞ ከተዘጋ እሄዳለሁ» አለ። «መብላት አለብኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ግን ስሜ ተጠርቶ ነው የምሄደው። አመሰግናለሁ።»

«አታመስግነኝ። የዘገየ ነገር ነው።»

«አትሂድ አትይኝም?»

«ቀን ሙሉ ስለምን ነው የምውለው ሆዚያ። ማታ ዕረፍት እፈልጋለሁ።»

ሳቀ። ከእሑዱ መኪና ማቆሚያ ወዲህ ሳቁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «አንዴ ብቻ ለምኚኝ» አለ።

«አትሂድ» አልኩት።

ግንባሩን ግንባሬ ላይ አሳርፎ ቆየ። መልስ እንደማይኖረው ሁለታችንም ብናውቅም፣ መጠየቄ ብቻ እንዴት እንዳቀለለኝ።

ቅዳሜ ተሸነፍን፤ በሰፊው። ማንም ከመቀመጫው ሳይነሣ እስከ መጨረሻው ዘመረ። እሑድ እናቴ ባርኔጣዋን እያወለቀች ስትጠራኝ ስድቡን ለመቀበል ተዘጋጅቼ ገባሁ።

«የአሰልጣኝ ደሞዝ ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ» አለች። «ትልቅ ቦታ እንድትገቢልኝ እፈልግ ነበር፣ አልዋሽሽም። እሱን ግን እለምደዋለሁ። የማልለምደው ሌላ ነው። የልጄን ወዳጅ ስም ከሁለት መቶ ሰው እኩል በማይክሮፎን ሰማሁት። እኔንም እኮ ዘለልሽኝ ናዲን።»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና የባርኔጣዋን መርፌዎች አንድ በአንድ ነቀልኩላት። ከዚያ በፊት እንዲህ ነክቻት አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ማድ ቤት ውስጥ ዘይት ይፈላ ነበር። የእህት ፐርሊን ጉልበት ድኗል። እትዬ ኦሲ ለቦርዱ አባላት ምሳ ይጠብሳሉ።

«ሊዘጉን ይችላሉ እኮ» አልኳቸው።

«ቢዘጉንም ተርበው አይሄዱም።»

ሆዚያ የዱቄት ከረጢት ተሸክሞ ይገባል ይወጣል። ማንም ሰዓት አያይም፣ ሁሉም ሰዓት ያያል። እኩለ ቀን ሲጠጋ ስልኬ ጠራ። ጋሽ ሉተር ነበሩ።

«አንድ ዓመት» አሉ። «አንድ ዓመት ሰጡን። ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው፤ ማንም አልተከራከረም።»

ጮክ ብዬ ደገምኩት። እትዬ ኦሲ እሳቱን ዝቅ አደረጉ፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አቀኑ፣ «ተመስገን» አሉ፣ ወዲያው ዓሣው እንዳያርባቸው ገለበጡት። ሆዚያ ስልኩን አውጥቶ ወደ ጥግ ሄደ። የሰማሁት ይህን ብቻ ነው፤ «ስላሰባችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አልመጣም።»

ዞሮ አየኝ። መሃላችን ሁለት ቅርጫት ዓሣና ሦስት ሴቶች ነበሩ። እንደዚያ የታየሁበት ቀን የለኝም።

የኋለኛው በር ተከፍቶ እናቴ ገባች፤ የእሑድ ጫማዋን አድርጋለች።

«ወይዘሮ ሞስሊ» አሉ እትዬ ኦሲ። «እንኳን ደህና መጡ። ወንበር ስጡልኝ።»

«ለመቀመጥ አልመጣሁም።» ዓይኗ ሆዚያ ላይ ቆየ። «ሆዚያ» አለችው። ስሙን በአፏ ስትሞክረው ነው የሚመስለው። «እሑድ እኛ ቤት እራት ትበላለህ። እናትህን ይዘህ።»

«እሺ እትዬ።»

ቀለበቶቿን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ምን ልሥራ?» አለች እትዬ ኦሲን።

እትዬ ኦሲ ከጫማዋ እስከ ፀጉሯ አዩዋት። «ዓሣ ገፍፈሽ ታውቂያለሽ ኮንስታንስ?»

«አላውቅም።»

«ይታያል። ነይ፣ ሽርጥ ልበሺ።»

እናቴ የመጀመሪያውን ዓሣ በሁለት እጇ አነሣች፤ አምልጧት ገንዳው ውስጥ ወደቀ። ደግማ አነሣችው።

«ያንሸራትታል» አለች።

«እንደ ባል ነው» አሉ እትዬ ኦሲ። «ካጠበቅሽው ያመልጥሻል።»

እናቴ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ሁልጊዜ። ያን ቀን ግን እጇ ዓሣ ይዞ ነበር። ሆዚያ መጥቶ እጄን ያዘኝ፣ በፊቷ። አየችን፣ ወደ ዓሣዋ ተመለሰች።

አንድ ነገር ልል አፌን ከፈትኩ። እናመሰግናለን፣ ወይም የመሳሰለውን።

«እናንተ ደግሞ ምን ቆማችሁ?» አሉ እትዬ ኦሲ ሳይዞሩ። «ሥራ የላችሁም?»

ሆዚያን በፊቴ አስቀድሜ ወጣሁ። ከኋላዬ እናቴ ስለ ቢላዋው አንድ ነገር ትጠይቃለች፣ እትዬ ኦሲ ይመልሱላታል። ወሬያቸውን እንዳላቋርጥባቸው በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።